ከስር የሚተበተበው ክር የማን ነው?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። አክስቴ የሰጠችኝ፣ በእግር የምትረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና አለችኝ። የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ቦቢን በብረት ቤቱ ውስጥ ሆኖ ከግራ በኩል ነው የሚገባው። ልምምድ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ላዩን ስፌቱ ደህና ይመስላል፤ ስገለብጠው ግን ከስር ክሩ ተተብትቦ እፍኝ ያህላል፣ ጨርቁም ከመኪናዋ አልላቀቅ ይላል። የቦቢኑን ቤት ብሎን ሳጠብቅና ሳላላ ሰነበትኩ፤ መርፌም ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ የታችኛውን ክር አላነሳ አለች። አዲስ የቦቢን ቤት ልግዛ ወይስ መካኒክ ልጥራ? ሐሳቤ የትራስ ልብስ እየሰፋሁ መሸጥ ነበር።»

እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አትግዢ፤ መካኒኩም ይቆይ። ከጻፍሽው እንደገባኝ ያለብሽ አንድ ችግር ሳይሆን ሦስት ነው፤ ሁለቱ ደግሞ የመጀመሪያውን ላስተካክል ስትዪ የመጡ ናቸው። መጀመሪያ የላይኛው ክር አካሄድ ተሳስቶ ከስር ተተበተበ። ጥፋቱ የቦቢኑ መስሎሽ ብሎኑን ስለነካካሽ አሁን የቦቢኑ ጥብቀት ከልኩ ወጥቷል። ቀጥሎ መርፌ ቀየርሽ፤ የታችኛው ክር አልነሳ ያለው ከዚያ ወዲህ ከሆነ መርፌው ዞሮ ገብቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሦስቱንም በየተራ እንፈታቸዋለን። ቅደም ተከተሉን ግን አታፋልሺ፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከነካካሽ የቱ እንዳዳነሽ አታውቂውም።

እኔ በዚህ ሥራ 26 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ግማሹን ስሰፋ፣ ግማሹን የሰው መኪና ስጠግን። «ቦቢኑ ተበላሸ» ተብሎ ከሚመጣልኝ መኪና አብዛኛው ቦቢኑ ጤነኛ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ጥፋቱ ከላይ ሆኖ ዱላው የሚያርፈው ከታች ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ስፌቱ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

መኪናዋ የምትሰፋው በሁለት ክር ነው፤ አንዱ ከመርፌ፣ ሌላው ከቦቢን። መርፌው ጨርቁን በስቶ እስከ መጨረሻው ይወርድና ተመልሶ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ሲል ክሩ ከጎኑ ላላ ብሎ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከስር ያለው ሹል መንጠቆ በዚያች ቅጽበት ቀለበቷን ይይዛትና እየለጠጠ በቦቢኑ ቤት ዙሪያ ያሳልፋታል። ቦቢኑ ከነቤቱ በላይኛው ክር ቀለበት ውስጥ ሾለከ ማለት ነው። ከዚያ ከላይ ወጣ ገባ የሚለው ክር ሳቢ ክንድ ሽቅብ ሲነሳ ያንን ሁሉ የተለጠጠ ክር መልሶ ይሰበስበዋል፤ የሁለቱ ክሮች መያያዣም በጨርቁ ውፍረት መሐል ተደብቆ ይቀራል።

ሽመና ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ሸማኔው ማጉን በቀሰም ጠቅልሎ፣ ቀሰሙን በመወርወሪያ ውስጥ አድርጎ በድሩ መሐል ይወረውራል። ቦቢን የመኪናዋ ቀሰም ነው። ኤልያስ ሃው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት ያገኘባት መኪና እንዲያውም የታችኛውን ክር የምታሳልፈው በመወርወሪያ ነበር፤ ክቡ ቦቢንና የሚዞረው መንጠቆ በኋላ የመጡ ናቸው።

አሁን ሒሳቡን እዪው። ለእያንዳንዷ ስፌት ከቦቢኑ የሚወጣው ክር ከስፌቷ ርዝመት ብዙም አይበልጥም። የላይኛው ክር ግን በቦቢኑ ቤት ዙሪያ መዞር ስላለበት ለእያንዳንዷ ስፌት ብዙ ሴንቲ ሜትር ወርዶ መመለስ አለበት። ሳይመለስ ከቀረ የት ይከማቻል? ከስር ነዋ። አንቺ እፍኝ ያህላል ያልሽው ትብትብ የላይኛው ክር ነው፤ ቦቢን ያንን ያህል ክር በጥቂት ስፌት አያወጣም።

በቃሌ ብቻ አትመኚ፤ አረጋግጪው። ሁለቱንም ነጭ ክር አድርገሽ እየተለማመድሽ ከሆነ ማንኛው ማን እንደሆነ አይታይሽም፣ ጀማሪን የሚያደናግረውም ይኸው ነው። ከላይ ቀይ ወይም ጥቁር ክር፣ በቦቢኑ ነጭ አድርጊና በድርብ አቡጀዲ ላይ ሁለት ስንዝር ስፊ። ትብትቡ ቀይ ከሆነ ቦቢኑን ተይው፤ ጉዳይሽ ከላይ ነው። ነጩ ክር እንደ ነጠብጣብ ወደ ላዩ ብቅ ብቅ ካለ ደግሞ ወይ ላዩ ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ ወይ የቦቢኑ ክር በቦቢኑ ቤት ላይ ካለችው የላሜራ ሞላ ስር ሳይገባ ልል ሆኖ እየወጣ ነው። ይህን ሙከራ ልምምድሽን እስክትጨርሺ ድረስ አትተይው፤ ነጭ በነጭ መስፋት ለሽያጭ ሲሆን ይደርሳል።

እንግዲህ ወደ ላይኛው ክር። «እግር» የምለው ጨርቁን የሚጫነውን ብረት ነው፤ አንቺ የምትረግጪውን ፔዳል እለዋለሁ፣ እንዳንምታታ። የላይኛውን ክር ሙሉ በሙሉ አውጪው። አሁን እግሩን ከኋላ ባለው ማንሻ ወደ ላይ አንሺው። ይህቺ ነገር ቀላል ትመስላለች፤ የአብዛኛው ትብትብ ምንጭ ግን እሷ ናት። ክሩን የሚጨብጡት ሁለት ክብ ሳህኖች እግሩ ሲነሳ ይከፈታሉ፣ እግሩ ሲወርድ ይገጥማሉ። እግሩን አውርደሽ ክር ካስገባሽ ክሩ በሳህኖቹ መሐል አይገባም፤ ከላያቸው ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ሲታይ በትክክል የገባ ይመስላል፣ ግን ማንም አልያዘውም፤ የፈለገውን ያህል ይወርዳል። በአንቺ ዓይነት መኪና ሳህኖቹ ያሉት በግራ ጫፍ፣ በመርፌው በላይ ባለው ክዳን ላይ ሲሆን፣ ፊት ለፊታቸው በጣት የሚዞር ማጥበቂያ አለ።

ክሩ ከማቆሚያው ተነስቶ በላይኛዋ የክር መያዣ ያልፋል፣ በሁለቱ ሳህኖች መሐል ይወርዳል፣ እዚያው ያለችውን ቀጭን የሽቦ ሞላ ይይዛል፣ ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ በክር ሳቢው ክንድ ቀዳዳ ያልፋል፣ እንደገና በመያዣዎቹ በኩል ወርዶ መርፌው ጋ ይደርሳል። ክንዱን ከዘለልሽው የወረደውን ክር የሚሰበስብ የለም፤ በሁለት በሦስት ስፌት ውስጥ ትብትቡ ይሞላል። ክሩን ለማስገባት ስትነሺ መዘውሩን፣ ማለትም በመኪናዋ ቀኝ ጫፍ ያለውን ክብ መንኮራኩር፣ በእጅሽ አዙረሽ ክንዱን ከፍተኛው ቦታ ላይ አድርሺው፤ ያን ጊዜ ቀዳዳው ተደብቆ አያመልጥሽም።

አስገብተሽ ስትጨርሺ ፈትኚው። እግሩ ከፍ እንዳለ ክሩን ከመርፌው በኩል ሳብ አድርጊ፤ ያለ ምንም ችግር ይምጣ። እግሩን አውርጂና እንደገና ሳቢ፤ አሁን እምቢ ማለት አለበት፣ መርፌው እስኪለመጥ ድረስ። በሁለቱ መሐል ልዩነት ካልተሰማሽ ክሩ ሳህኖቹ ውስጥ የለም፤ ወይም ደግሞ በሳህኖቹ መሐል የተሰነቀረ የክር ቁራጭ አለ። የአክስት መኪና ስለሆነች፣ ቆይታም ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን አልንቀውም። እግሩን አንስተሽ የአቡጀዲ ቅዳጅ ጠርዝ በሳህኖቹ መሐል አስገቢና ወዲያ ወዲህ እየጎተትሽ ጥረጊ። አንድ ጊዜ ከአንዲት ደንበኛዬ መኪና ሳህኖች መሐል ሦስት ዓይነት ቀለም ያለው ክር አውጥቻለሁ፤ እሷ ግን ከዚያ በፊት ሁለት የቦቢን ቤት ገዝታ ነበር።

ክርሽ ትልቁ ባለ ኮን፣ ማለትም በሾጣጣ ማጠንጠኛ የተጠቀለለው፣ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ኮን በትንሿ የክር ማቆሚያ ላይ አይሰካም። ከመኪናዋ ኋላ መሬት ላይ ወይም ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ክሩም ከኮኑ ጫፍ ቀጥታ ሽቅብ ወጥቶ ከላዩ ባለ አንድ ቀለበት ይለፍ። የሽቦ ማንጠልጠያ ብታጣምሚ ይበቃል። ከጎን ሲሳብ ኮኑ እየተንገዳገደ ክሩን አንዴ ይለቃል፣ አንዴ ይይዛል፤ ስፌቱም እንደዚያው አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይጨማደዳል።

ትብትቡ የሚመጣው ስፌት ስትጀምሪ ብቻ ከሆነና ከዚያ ወዲያ ደህና ከሆነ፣ ክሩ በትክክል ገብቷል፤ የቀረሽ የእጅ ልማድ ነው። ሁለቱም ክሮች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጫፍ ይኑራቸው፤ በእግሩ ስር አሳልፈሽ ወደ ኋላ ያዢያቸውና የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ስፌቶች እስክትሰፊ አትልቀቂ። ካልያዝሻቸው መንጠቆው ልቅ የሆነውን ጫፍ ይዞት ይወርዳል። ከጨርቁ ጠርዝ ላይም አትጀምሪ፤ ትንሽ ገባ በይ፣ ጠርዙን ከስር ጨርቁን የሚገፋው ጥርስ ወደ ቀዳዳው እንዳይውጠው።

ፔዳል ስለምትረግጪ ሌላም የምጠረጥረው አለ። መዘውሩ ሁልጊዜ መዞር ያለበት ወደ አንቺ ነው። በፔዳል የሚጀምር ሰው እግሩ ገና ስላልለመደ መኪናዋ አንዳንዴ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ ትሄድበታለች። ያቺ ግማሽ ዙር ክሩን መንጠቆው ላይ ትጠመጥመዋለች ወይም ትበጥሰዋለች። ሁልጊዜ መዘውሩን በቀኝ እጅሽ ወደ ራስሽ አስነሺው፣ ከዚያ እግርሽ ይከተል። አንድ ቀን ሙሉ ክር ሳታስገቢ፣ ጨርቅ ሳታደርጊ፣ እግሩን ከፍ አድርገሽ ፔዳል ብቻ ርገጪ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። እኔን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ግን ሳምንት ሙሉ ክር አልሰጡኝም ነበር፣ ያኔ እንደ ክፋት ቆጥሬባቸው ነበር።

ጨርቁ ተተብትቦ ሲያዝ በጉልበት አትጎትቺው፤ መርፌው ይጣመማል፣ የተጣመመ መርፌ ደግሞ መንጠቆውን ይገጨዋል። እግሩን አንሺ፣ ጨርቁን ጥቂት ከፍ አድርገሽ ከስሩ ያለውን ክር በመቀስ ጫፍ ቁረጪ፣ መዘውሩን በእጅሽ ቀስ ብለሽ ወደ ራስሽ አዙሪ። ካልለቀቀ የቦቢኑን ቤት አውጥተሽ የተረፈውን ክር በመቆንጠጫ ልቀሚው።

አሁን ወደ መርፌው፣ ማለትም የታችኛውን ክር ወዳላነሳሽበት ነገር። የመኪና መርፌ አናቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ፣ በሌላው ክብ ነው። ከአናቱ እስከ ቀዳዳው የሚወርድ ረጅም ቦይ በክቡ በኩል አለ፤ በጠፍጣፋው በኩል ደግሞ ከቀዳዳው ከፍ ብሎ ትንሽ የተፋቀ ቦታ ታያለሽ። መንጠቆው ቀለበቷን የሚይዘው በዚያ በተፋቀው ቦታ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋው ጎን ሁልጊዜ መንጠቆው ወደሚያልፍበት ይዞራል፤ ክሩ የሚገባው ከቦዩ በኩል፣ የሚወጣው ከጠፍጣፋው በኩል ነው። እንደ አንቺ ባሉ፣ ሳህኖቻቸው ግራ ጫፍ ላይ በሆኑ ጥቁር መኪኖች፣ በአብዛኛው ጠፍጣፋው ወደ ግራ ዞሮ ክሩ ከቀኝ ወደ ግራ ይገባል። ከፊት ወደ ኋላ የሚገባባቸው፣ ጠፍጣፋው ወደ ኋላ የሚሆንባቸው፣ በዘመኑ የቤት መኪኖች ናቸው። ምናልባት ከእነሱ የአንዷን አሠራር ዓይተሽ እንደዚያ አስገብተሽው ይሆናል። ከተጠራጠርሽ የቦቢኑን ቤት አውጥተሽ መዘውሩን ቀስ ብለሽ አዙሪ፤ የመንጠቆው ሹል ጫፍ በመርፌው የትኛው ጎን እንደሚያልፍ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

መርፌው እስከ ላይ እስኪነካ ተገፍቶ ይግባ፣ ከዚያ ብሎኑ በካቻቪቴ ይጥበቅ። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ከቀረ መንጠቆው ቀለበቷን አያገኛትም። የገዛሽውም ዓይነት ይታይ። ለአንቺ የሚሆነው ፓኮው ላይ ኤችኤ×1 የሚል፣ አናቱ ጠፍጣፋ ጎን ያለው ነው። ዲቢ×1 የሚለው አናቱ ዙሪያውን ክብ ነው፤ ለፋብሪካ መኪና ነው፣ ቢገባልሽም አትመኚው። ለአቡጀዲና ለትራስ ልብስ ጨርቅ 14 ቁጥር ይበቃል፤ 90/14 ተብሎ ይጻፋል፣ 90ው ውፍረቱ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለስስ ጨርቅ 11፣ ለጅንስና ለወፍራም ካኪ 16 ወይም 18። መርፌው መጣመሙን ለማወቅ ጠፍጣፋ ጎኑን በመስታወት ላይ አስተኝተሽ በስሩ ያለውን ክፍተት እዪ፤ እስከ ጫፉ እኩል መሆን አለበት።

መርፌው ሲስተካከል የታችኛውን ክር እንዲህ አንሺ። የቦቢኑን ክር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ተይው። የላይኛውን ክር ጫፍ በግራ እጅሽ ለቀቅ አድርገሽ ያዢ፣ መዘውሩን በቀኝሽ ወደ ራስሽ አንድ ሙሉ ዙር አዙሪ፤ መርፌው ወርዶ እስከ ላይ ይመለስ። አሁን የላይኛውን ክር ሳብ ስታደርጊ የታችኛው እንደ ቀለበት ታጥፎ በቀዳዳው ብቅ ይላል። ካልመጣ ደግመሽ ሞክሪ። ሦስት ጊዜ ካልመጣ መርፌሽን እንደገና እዪው፤ የቦቢኑ ክር ጫፍ አጥሮ ወደ ውስጥ ገብቶም ሊሆን ይችላል።

አሁን ገና ነው ወደ ቦቢኑ ቤት የምንመጣው። መጀመሪያ አገባቡን። የቦቢኑን ቤት በግራ እጅሽ፣ አፉ ወደ አንቺ ሆኖ ያዢው። ቦቢኑን ስታስገቢ ክሩ ከላዩ ወደ ቀኝ የሚወጣ ይሁን፤ ስትስቢው ቦቢኑ እንደ ሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራል። ከዚያ ክሩን በቤቱ ጠርዝ ላይ ባለችው ስንጥቅ አስገብተሽ ወደ ኋላ ወደ ግራ ሳቢው፤ ከላሜራዋ ሞላ ስር ተንሸራቶ ጫፏ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ጠቅ ብሎ ይወጣል። ክሩ ሲወጣ ወደ መጣበት ተመልሶ መታጠፉን እዪ። በተቃራኒ ከገባ ስትሰፊ ከሞላው ስር ቀስ እያለ ይሾልካል፤ ጠዋት ደህና ሰፍታ ከሰዓት የምታስቸግር መኪና አንዳንዴ ይህ ነው ምስጢሯ።

ቀጥሎ ጥብቀቱን። በሞላው ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ። ጫፍ ላይ ያለችው ሞላውን የያዘችው ናት፤ እሷን አትንኪ። መሐል አካባቢ ያለችው፣ አናቷ ሰፋ ያለው፣ ጥብቀቱን የምትቆጣጠረው ናት። ምናልባት ሁለቱንም ፈትተሽ ከሆነ መጀመሪያ የጫፏን እስኪይዝ አጥብቂያት። ይህን ስትሠሪ ነጭ ጨርቅ ወይም ሰፋ ያለ ትሪ ላይ ይሁን፤ ብሎኗ የጤፍ ፍሬ ባትሆንም ከወለል ላይ ፈልጎ ማግኘት ግን ያው ነው።

ልኩን የምታውቂው በማንጠልጠል ነው። ቦቢኑን ከነቤቱ፣ ክሩን ብቻ ይዘሽ አንጠልጥይው። በራሱ ክብደት እየተተረተረ ከወረደ ልል ነው። በቀስታ ነቅነቅ ስታደርጊው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። ብትነቀንቂውም ንቅንቅ ካላለ ጠብቋል። ብሎኗን ወደ ቀኝ ማዞር ያጠብቃል፣ ወደ ግራ ያላላል፤ ባንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፊ፣ እንዲያውም የሩብ ግማሽ ይሻላል። ልኩን ስታገኚ የብሎኗን ስንጥቅ አቅጣጫ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበትና ከዚያ ወዲያ እርሺው። እኔ የራሴን መኪና የቦቢን ብሎን የምነካው ክር ስቀይር፣ ያውም ከቀጭን ወደ ወፍራም ስሄድ ብቻ ነው።

ብሎኑን አጥብቀሽም ክሩ ልል ሆኖ ከወጣ ከሞላው ስር የክር ብናኝ አለ። የወፍራም ወረቀት ጥግ በሞላው ስር አስገብተሽ አንሸራትቺ፤ በብረት አትፈልፍይው፣ ጭረቱ ክር ይበጥሳል።

ከዚያ የቦቢን ቤቱን ስትመልሺ፣ መርፌው እስከ ላይ ይሁን፤ ከቤቱ የወጣው ረጅሙ ጣት ሽቅብ ቆሞ በተዘጋጀለት ክፍተት ይግባ፤ ከዚያ ጠቅ እስኪል ግፊው። ጠቅ ሳይል የተውሽው ቤት በሦስተኛው ስፌት ይዘላል፣ መርፌ ይሰብራል፤ ስብርባሪው ደግሞ ዓይን ስለማያውቅ ተጠንቀቂ።

ስለ ቦቢኑ ራሱ ጥቂት ልበል። ስትጠቀልይ ክሩ በመጠቅለያው በኩል ባሉት ትንንሽ ሳህኖች ማለፍ አለበት። በጣትሽ እየመራሽ የጠቀለልሽው ቦቢን እንደ ስፖንጅ ልስልስ ይሆናል፤ ላይኛው ዙር ከታችኛው እየሰመጠ ሲሰፋ ይነክሳል፣ ድንገት ይለቃል። በጥፍርሽ ስትጫኚው ጠንካራ፣ ወርዱ እኩል መሆን አለበት። እስከ ጠርዙ አትሙይው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር። በአሮጌ ክር ላይም አዲስ አትደርቢ፣ ቆጥበሽ አታተርፊም። ፖሊስተር ክር ሲሆን ደግሞ በጣም አታፍጥኚ፤ ተለጥጦ ይጠቀለልና ከተሰፋ በኋላ ተመልሶ ሲሰበሰብ ስፌቱን ያጨማድደዋል። አሮጌ ጥጥ ክር ከአክስትሽ ሣጥን ካገኘሽ በሁለት እጅሽ ሳብ አድርገሽ ፈትኚው፤ በቀላሉ ከተበጠሰ ለጊዜያዊ ስፌት ይሁን።

ሱቅ ስትሄጂ ቦቢንሽን ይዘሽ ሂጂ። ለአንቺ ዓይነት መኪና የሚሆነው ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 12 ሚሊ ሜትር ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ነው። የፋብሪካ መኪናው ቦቢን ከፊት ለፊት ሲያዩት ተመሳሳይ ነው፤ ቁመቱ ግን 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ይንቃጨላል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካለሽ ጎን ለጎን አስቁመሽ አሳዪው።

ጽዳቱን አቡጀዲና ጥጥ የሚሰፋ ሰው በየሳምንቱ ሊያደርገው ይገባል። የመርፌ ሳህኑን፣ ማለትም መርፌው የሚያልፍበትን ከጨርቁ ስር ያለ ብረት፣ ፈትተሽ በጥርሱ መሐል የተጋገረውን ብናኝ በብሩሽ አውጪ፤ በአፍ አትንፊው፣ እስትንፋስ እርጥበት አለው፣ ብረቱን ያዝገዋል። ከዚያ መንጠቆው በሚዞርበት ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። አንድ ብቻ። የምግብ ዘይት አደራ፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጋገራል። መዘውሯ በሁለት እጅ የማይዞር መኪና መጥታልኝ በናፍጣ ስትታጠብ ውላ ያደረች እንዳለች ልንገርሽ፤ ባለቤቷ ለአንድ ዓመት የኑግ ዘይት ስትቀባት ኖራለች።

እግረ መንገዴን፣ ይህን የሚያነብ ቦቢኑ ከላይ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ካለ፦ መጀመሪያ ከሶኬት ይንቀሉ። በእነዚያ ላይ ቦቢኑ የሚዞረው በተቃራኒ ነው፤ ክሩን ሲስቡት ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ተቃራኒ ይዞር። ክሩንም በስንጥቆቹ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይምሩት፤ አንዷን ከዘለሏት ቦቢኑ ያለ ጥብቀት ይሰፋል። ፕላስቲኩ የቦቢን መያዣ በትብትብ ከተነቀለ ከቦታው ተንሸራቶ መርፌ ይወጋዋል፤ ስትመልሱት በጎኑ ያለችው ወጣ ያለች ጥርስ ከማቆሚያዋ ጋር ትገጣጠም። የተወጋው ፕላስቲክ ጠርዝ ክር ስለሚይዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ቦቢንሽ በሙከራው ልኩን ካገኘ በኋላ የሚቀረውን ሁሉ የምታስተካክዪው በላይኛው ማጥበቂያ ነው። በቀይና ነጭ ክር፣ በምትሰፊው ጨርቅ ቁራጭ ላይ፣ በድርብ። ከስር ቀዩ ክር ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ወይም ቀለበት ቀለበት ሠርቶ ከታየ ላዩን ጥቂት አጥብቂ። ከላይ ነጩ ከታየ ላላ አድርጊው። ሁለቱም የየራሳቸውን ፊት ሲይዙ ተይው። ለትራስ ልብስ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 40 ያህል ስፌት ጥሩ ነው። መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ጥቂት ስፌት መልሰሽ ደራርቢ፤ ትራስ ሲገባና ሲወጣ የሚተረተረው ከዚያ ነው።

መካኒክ የምትጠሪው መቼ ነው? መርፌው አዲስ፣ ዓይነቱ ትክክል፣ አገባቡ ትክክል ሆኖ፣ የቦቢኑ ክር በመዘውር እንኳ አልነሳ ካለ። ያን ጊዜ የመርፌውና የመንጠቆው መገናኛ ጊዜ ተዛብቷል ማለት ነው፤ መርፌ ከተሰበረባት ወይም በጉልበት ከተጎተተች በኋላ ይከሰታል። እሱ የሚስተካከለው በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ነው፤ አንቺ እንዳትነኪው። ሌላው የመንጠቆው ጫፍ መጫር ነው፤ በናይሎን ካልሲ ቁራጭ ቀስ ብለሽ ዳብሺው፣ ካልሲውን ከያዘው ሻካራ ቦታ አለ፣ ክር እየበጣጠሰ ያለውም እሱ ነው። መካኒኩ ሲመጣ የምትሰፊበትን ክር፣ ጨርቅና መርፌ አቅርቢለት፤ በራሱ ክር ሞክሮ «ደህና ናት» ብሎሽ እንዳይሄድ። የቦቢን ቤት ይቀየር ካለሽም መጀመሪያ አሮጌውን በክሩ አንጠልጥሎ ያሳይሽ።